የቤተሰቡ የመጀመሪያ ቴሌስኮፕ፦ የቱን እንግዛ?



ነገሩ የጀመረው በአንድ የሻዕባን 29ኛ ቀን ምሽት ነው። አንድ የቆዩ አንባቢያችን «ዛሬ ከልጆቼ ጋር ሂላልን በቴሌስኮፕ ልንፈልግ ነውና ኑ» ብለው ጋበዙን። እኛም ከመግሪብ በፊት ከቤታቸው ሰገነት ላይ ተገኘን። ቴሌስኮፑን የላከው በባሕረ ሰላጤው አገር የሚሠራው የልጆቹ አጎት ነው። በካርቶኑ ላይ በትልልቅ ፊደል «675 ጊዜ ያጎላል» ተብሎ ተጽፏል። የአሥራ ሁለት ዓመቱ ልጅ ካርቶኑን እንደ ሽልማት ታቅፎ ለእያንዳንዱ እንግዳ ቁጥሩን ያሳያል።

ፀሐይ ጠለቀች። ልጁ ቱቦውን ወደ ምዕራብ አዞረ። አየ፤ አባቱም አዩ፤ እኛም በየተራ አየን። ከሚንቀጠቀጥ ግራጫ ጭጋግ በቀር የታየ ነገር የለም። ሰው ሲራመድ ይናወጣል፤ እጅ ሲነካው ይናወጣል፤ ነፋስ ሽው ሲል ይናወጣል። የሂላሉ ወሬ እንደ ወትሮው በሬዲዮና በስልክ ደረሰን። ከአራት ቀን በኋላ ጨረቃ ደምቃ ወጥታ እንኳ በቴሌስኮፑ ሊያገኟት አልቻሉም። በሳምንቱ ዕቃው ከአልጋ ሥር ገባ።

አባትዬው ሲያጫውቱን፣ «ወንድሜ ላቡን አንጠፍጥፎ ያገኘውን ገንዘብ በከንቱ አባከንን? ወይስ አላወቅንበትም?» አሉን። ከሁሉ ይበልጥ ያሳዘነን ግን የልጁ ነገር ነው። «እኔ ነኝ የማይገባኝ፤ ሳይንስ ለኔ አልሆነም» ብሎ ለእናቱ ነግሯታል።

ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው በዚህ ምክንያት ነው። በየቤቱ «አጎቴ ቴሌስኮፕ ላክልኝ» የሚል ልጅ አለ። በየአረብ አገሩ፣ በአሜሪካና በአውሮፓም «የቱን ልላክ?» የሚል አጎትና አክስት አለ። መልሱን ሳያውቁ የገዙት ዕቃ ገንዘብ ብቻ ሳይሆን የልጅን ፍላጎት ይዞ ይጠፋል።

ሰማይን መመልከት የማን ሥራ ነው?

«ይህ የፈረንጅ ጨዋታ ነው» የሚሉ ወገኖች አልፎ አልፎ ይገጥሙናል። ነገር ግን የተከበረው ቁርኣን በሱረቱ አሊ ዒምራን (3፡190-191) በሰማያትና በምድር አፈጣጠር፣ በሌሊትና በቀን መፈራረቅ የሚያስተነትኑትን ያወድሳል። በሱረቱ አል-በቀራ (2፡189) የጨረቃ መለዋወጥ ለሰዎችና ለሐጅ የጊዜ ምልክት መሆኑ ተገልጿል። በሱረቱ አል-አንዓምም (6፡97) ከዋክብት በየብስና በባሕር ጨለማ መንገድ መመሪያ መሆናቸውን እናነባለን።

ቀደምት ሙስሊሞች ይህን ጥሪ በተግባር መልሰውታል። ዐብዱረሕማን አስ-ሱፊ እ.ኤ.አ. በ964 ገደማ ባዘጋጀው የከዋክብት መጽሐፍ፣ ዛሬ አንድሮሜዳ ጋላክሲ የምንለውን እንደ ትንሽ ደመና አድርጎ መዝግቦታል። በ11ኛው ክፍለ ዘመን ኢብኑል ሀይሠም ስለ ብርሃንና ስለ ዕይታ የጻፈው ኪታቡል መናዚር ለኋላው የሌንስ ዕውቀት መሠረት ከጣሉት መጻሕፍት አንዱ ነው። በሰመርቀንድ ኡሉግ ቤግ ያሠራው የከዋክብት መመልከቻ እ.ኤ.አ. በ1437 ከአንድ ሺህ የሚበልጡ ከዋክብትን የያዘ ዝርዝር አበርክቷል። እነዚህ ሁሉ ያለ ቴሌስኮፕ የተሠሩ ናቸው። አሻራቸውም እስከ ዛሬ በከዋክብት ስም ላይ ይነበባል። የዓለም ሳይንቲስቶች አልደባራን፣ ሪጀል፣ አልታየር፣ ደነብ፣ ፎማልሃውት ሲሉ ዐረብኛ እየተናገሩ ነው። ሪጀል እግር፣ ደነብ ጅራት፣ ፎማልሃውት የዓሣ አፍ ማለት ነው።

እንግዲህ ልጆቻችን ወደ ሰማይ ሲያንጋጥጡ የአያቶቻቸውን ቤት እያንኳኩ ነውና አንከልክላቸው።

ከቴሌስኮፕ በፊት ዓይን

ውድ ወላጆች! ልጁ ቴሌስኮፕ ሲጠይቅ በመጀመሪያ የምትሰጡት ነገር ገንዘብ አያስወጣም። ከዒሻእ ሶላት በኋላ መብራት አጥፍታችሁ አብራችሁ ውጡ። ዓይን ጨለማን እስኪለምድ ቢያንስ ሃያ ደቂቃ ይፈልጋልና የስልኩን መብራት አርቁ። ልጁ በወር ውስጥ ጨረቃ እንዴት እንደምታድግና እንደምትጎድል በደብተሩ ይሣል። ሱረያ የምትባለዋን የከዋክብት ስብስብ፣ የአጥቢያ ኮከብ የምንላትን ቬነስን፣ ፍኖተ ሐሊብን ለይቶ ይወቅ። ሰማዩን የማያውቅ ሰው ቴሌስኮፕ ቢሰጡት፣ ከተማውን ሳያውቅ መኪና እንደተሰጠው ሰው ነው።

በዚህ በኩል አገራችን የታደለች ናት። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ትገኛለች። ስለዚህ የሰሜኑንም የደቡቡንም ሰማይ አብዛኛውን ክፍል ማየት እንችላለን። የደቡብ መስቀል የተባሉት ከዋክብትና ዐረቦች ሱሀይል የሚሉት ደማቅ ኮከብ ለብዙ አውሮፓውያን ፈጽሞ አይታዩም፤ ለኛ ግን በየዓመቱ ይወጣሉ። የከተማ መብራት የደበዘዘውን ሰማይ ደግሞ ለዒድ ወደ ገጠር ዘመድ ስንሄድ እናገኘዋለን።

ቀጥሎ የሚመጣው ባይኖኩላር ነው። 7×50 ወይም 10×50 የተባለውን እንመክራለን። የመጀመሪያው ቁጥር ስንት ጊዜ እንደሚያጎላ፣ ሁለተኛው የፊት ሌንሱ ስፋት ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ ይናገራል። በ10×50 የጨረቃ ትልልቅ ጉድጓዶች ይታያሉ፤ ክርኑ ከተደገፈ የጁፒተር ጨረቃዎችም ይታያሉ። ገንዘቡ ጥሩ ቴሌስኮፕ የማይገዛ ከሆነ፣ ከመጥፎ ቴሌስኮፕ ጥሩ ባይኖኩላር እጅግ ይበልጣል። በኋላ ቴሌስኮፕ ቢገዛም ከጥቅም ውጪ አይሆንም።

«ስንት ጊዜ ያጎላል?» የተሳሳተው ጥያቄ

ቴሌስኮፕ ሊገዛ የሄደ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ይህን ነው። ካርቶኑም የሚመልሰው ይህንኑ ነው። ትክክለኛው ጥያቄ ግን «የዋናው ሌንስ ወይም መስተዋት ስፋት ስንት ነው?» የሚለው ነው።

ቴሌስኮፕ የብርሃን ባልዲ ነው። ዝናብ ሲዘንብ አፈ ሰፊው ባልዲ ብዙ ውሃ እንደሚያጠራቅም ሁሉ፣ ሰፊው ሌንስ ብዙ ብርሃን ያጠራቅማል። የወጣት ዓይን ብሌን በጨለማ ወደ 7 ሚሊ ሜትር ይከፈታል። 70 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ሌንስ የዚህን መቶ እጥፍ ብርሃን ይሰበስባል። ስፋቱ እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ አራት እጥፍ ይሆናል። ደብዛዛ ነገር የሚታየውም፣ ተቀራርበው ያሉ ሁለት ነገሮች ተለይተው የሚታዩትም በዚህ ስፋት ነው።

ማጉላት ግን በቀላል ሒሳብ የሚገኝ ነገር ነው። የቱቦው የትኩረት ርቀት ለዓይን ሌንሱ የትኩረት ርቀት ሲካፈል የማጉላት መጠን ይሆናል። የወዳጃችንን ቴሌስኮፕ እንውሰድ። መስተዋቱ 114 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ የትኩረት ርቀቱ 900 ሚሊ ሜትር ነው። ከዕቃው ጋር ባለ 25 እና ባለ 4 ሚሊ ሜትር የዓይን ሌንስ፣ እንዲሁም ባርሎው የሚባል ማጉሊያውን በ3 የሚያባዛ ተጨማሪ ሌንስ መጥቷል። 900 ለ4 ሲካፈል 225፤ በ3 ሲባዛ 675! በካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር በሒሳብ ውሸት አይደለም፤ በጥቅም ግን ባዶ ነው።

ምክንያቱ ይህ ነው። አንድ ቴሌስኮፕ በጥሩ ሌሊት እንኳ በጠቃሚነት የሚያጎላው ከስፋቱ ሚሊ ሜትር ሁለት እጥፍ ያህል ነው። 114 በ2 ሲባዛ 228 ነው። ከዚያ በላይ ሲጎላ ምስሉ ይተልቃል እንጂ ተጨማሪ ዝርዝር አይመጣም፤ ይደበዝዛል፣ ይጨልማል። ፎቶግራፍን ያለ ልክ ቢያሳድጉት እንደሚፈርሰው ማለት ነው።

ሌላም ችግር አለ። ምድር ስለምትሽከረከር ሰማዩ በሰዓት 15 ዲግሪ ይንሸራተታል። በ36 እጥፍ ማጉላት አንድ ኮከብ በዓይናችን መስኮት ውስጥ አምስት ደቂቃ ያህል ይቆያል። በ675 ግን ከሃያ ሰከንድ በታች ቆይቶ ይወጣል። ልጁ «አገኘሁት! ኑ እዩ!» ብሎ እናቱን እስኪጠራ ነገሩ ሄዷል። በዚያ ሰገነት ላይ የሆነው ይኸው ነው። ልጁ አላጠፋም፤ ሰማዩን በመርፌ ቀዳዳ ፈልግ ተብሎ ነበር።

ስለዚህ ምክራችን አጭር ነው። የማጉላትን ቁጥር በትልቁ አትሞ የሚሸጥን ዕቃ ተጠራጠሩ። ስፋትን በሚሊ ሜትር የሚናገረውን አድምጡ።

ሦስቱ ዓይነቶች

አንደኛው ባለ ሌንሱ ነው። ጋሊሊዮ እ.ኤ.አ. በ1609 ወደ ሰማይ ያዞረው የዚህ ወገን ነው። ቱቦው ዝግ ስለሆነ አቧራ አይገባበትም፤ ማስተካከያ አይፈልግም፤ ከተጠነቀቁለት ለልጅ ልጅ ይተላለፋል። ለጨረቃና ለፕላኔቶች ጥሩ ነው። ጉድለቱ ስፋቱ ሲጨምር ዋጋው በፍጥነት መናሩ ነው። ርካሾቹም በደማቅ ነገሮች ዙሪያ ሐምራዊ ጥላ ያሳያሉ። ለጀማሪ ከ70 እስከ 90 ሚሊ ሜትር ያለው ይበቃል።

ሁለተኛው ባለ መስተዋቱ ነው። ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1668 የሠራው ዓይነት ነው። በተመሳሳይ ገንዘብ ሰፊ አፍ የሚገኘው በዚህ ነው። ከ114 እስከ 150 ሚሊ ሜትር ያለው ለቤተሰብ ትልቅ ሀብት ነው። ምስሉን ይገለብጣል፤ ለሰማይ ግን ላይና ታች ስለሌለው አያስቸግርም። መስተዋቶቹ ከመንገድ ሲመጡ ተናውጠው አቅጣጫቸውን ሊስቱ ስለሚችሉ አልፎ አልፎ በብሎኖቹ ማስተካከል ያስፈልጋል። በመስተዋቱ ላይ አቧራ ቢታይ በጨርቅ አትጥረጉ። ጥቂት አቧራ ምንም አይጎዳም፤ ጨርቅ ግን ይቧጭረዋል።

በዚህ ዓይነት ላይ አንድ ወጥመድ አለ። በጽሑፉ ላይ የትኩረት ርቀቱ 1000 ሚሊ ሜትር ተብሎ፣ ቱቦው ግን ግማሽ ሜትር ብቻ የሚሆን ባለ መስተዋት ቴሌስኮፕ ካያችሁ አትግዙ። በውስጡ ርቀቱን የሚያረዝም ተጨማሪ ሌንስ ተቀብሯል፤ በርካሾቹ ላይ ምስሉን ያበላሻል፤ ማስተካከሉም ለጀማሪ ፈተና ነው።

ሦስተኛው መስተዋትንና ሌንስን የሚያጣምረው ነው። ማክሱቶቭ የሚባለው የታወቀ ነው። አጭርና ጠንካራ ስለሆነ በሻንጣ ለመያዝ ይመቻል። ጨረቃንና ፕላኔቶችን በጥራት ያሳያል። ነገር ግን ዋጋው ከፍ ይላል፤ በአንድ ጊዜ የሚያሳየው የሰማይ ክፍልም ጠባብ ነው።

የተረሳው እግር

ብዙ ቤተሰብ የሚከስረው በቱቦው ሳይሆን በማቆሚያው ነው። ቱቦው የፈለገውን ያህል ቢያምር እግሩ ከተንቀጠቀጠ አይታይበትም። ሻጩ ዘንድ ቱቦውን በጣታችሁ መታ አድርጉት። መንቀጥቀጡ በሁለት ሦስት ሰከንድ ካልቆመ ተዉት።

ማቆሚያ በሁለት ይከፈላል። አንዱ ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ብቻ የሚዞረው ቀላሉ ነው። ሌላው ወደ ሰማይ ዋልታ ዘንበል ተደርጎ የሚተከለው፣ የብረት ክብደት የተንጠለጠለበት ነው። ይህ ሁለተኛው ለዐዋቂ ጠቃሚ ቢሆንም ለኛ አገር ጀማሪ አይመችም። በአውሮፓ የሰሜኑ ኮከብ ከፍ ብሎ ይታያል። በአዲስ አበባ ግን ከአድማስ 9 ዲግሪ ብቻ ከፍ ይላል፤ ሰፈራችን ከተራራው ሥር ከሆነ ከእንጦጦ ጀርባ ሊሸሸግ ይችላል። ርካሾቹ ማቆሚያዎችም እስከዚህ ድረስ ዝቅ ሲደረጉ ክብደቱ ከእግራቸው ጋር ይጋጫል፤ ሚዛናቸውም ይዛባል። የወዳጃችን ቴሌስኮፕ እግር ይኸው ነበር።

ለጀማሪ የምንመርጠው ዶብሰን በሚባል ሰው ስም የሚጠራውን የሳጥን ማቆሚያ ነው። ጆን ዶብሰን በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ከኮምፔንሳቶና ከመሳሰለው ርካሽ ዕቃ ቴሌስኮፕ እየሠራ፣ በመንገድ ዳር አቁሞ አላፊ አግዳሚውን ሰማይ ያሳይ ነበር። ሳጥኑ መሬት ወይም ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፤ በእጅ ገፋ ሲያደርጉት ይዞራል፤ ሲለቁት ይቆማል። የተካነ አናጢ ሊሠራው ይችላል።

በኮምፒዩተር ራሱን የሚያዞረውስ? ምቾት አለው። ነገር ግን በአነስተኛ ዋጋ ሲገዛ ገንዘባችሁ ወደ መስተዋቱ ሳይሆን ወደ ሞተሩ ይሄዳል። ባትሪ ይጠይቃል፤ ሲበላሽም ጠጋኙ ሩቅ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ባይሆን ይሻላል።

በእውነት ምን እናያለን?

ልጆች በካርቶኑ ላይ ያለውን ባለ ቀለም ፎቶግራፍ እንዲጠብቁ አታድርጉ። እነዚያ በረጅም ጊዜ ብርሃን ተሰብስበው የተነሡ ናቸው። በዓይን ግን የኦሪዮን ኔቡላ እንደ ግራጫ ጭስ፣ አንድሮሜዳም አስ-ሱፊ እንደመዘገበው እንደ ትንሽ ደመና ይታያሉ። ያ ደመና ግን ወደ 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ይርቃል። ልጁ ይህን አስቀድሞ ቢያውቅ ግራጫዋ ጭላንጭል ታስለቅሰዋለች፤ ካላወቀ «ይኸው ነው?» ይላል።

ጨረቃ ግን ማንንም አታሳፍርም። የምትመረጠው ሙሉ ስትሆን ሳይሆን በግማሿ ሰሞን ነው፤ ያኔ በብርሃኑና በጨለማው ድንበር ላይ የጉድጓዶቹና የተራሮቹ ጥላ ይረዝማል። ጁፒተር ከአራት ጨረቃዎቹ ጋር፣ ቬነስ እንደ ጨረቃ ስትጎድልና ስትሞላ፣ የሳተርን ቀለበትም ከ30 እጥፍ ጀምሮ ይታያሉ።

የምንመለከትበት ወቅትም ይመረጥ። ክረምቱ ደመና ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ሰማይ የጠራ ነው። በክረምት ዕቃው በደረቅ ቦታ ይቀመጥ፤ እርጥበት በሌንስ ላይ ሻጋታ ያበቅላልና።

ስለ ሂላል

ብዙ ቤተሰብ ቴሌስኮፕ የሚመኘው ለሂላል ብሎ ነው። ቴሌስኮፕ የሌለ ጨረቃ አይፈጥርም። ጨረቃ ከፀሐይ ገና ጥቂት ዲግሪ ብቻ ርቃ ከሆነ በምንም መሣሪያ ሊያዩዋት ያስቸግራል። ሂላልን ለመፈለግ የሚጠቅመው በጣም የሚያጎላ ሳይሆን ሰፊ ሰማይ የሚያሳይ ነው፤ ባይኖኩላር ከብዙ ቴሌስኮፕ የሚሻለው ለዚህ ነው። በመሣሪያ የታየ ሂላል በሸሪዓ ያለውን ቦታ በተመለከተ የዑለማዎች አስተያየት ስለሚለያይ፣ ያያችሁትን ለዑለማዎቻችን አድርሱ እንጂ በሰፈር ጾም አታስይዙ፣ ዒድም አታውጁ። ለልጆቻችን ግን ሂላልን መፈለግ ብቻውን ትልቅ ትምህርት ነው።

ሁለት ማስጠንቀቂያዎች

የመጀመሪያው የዓይን ጉዳይ ነው። ፀሐይን በቴሌስኮፕ ወይም በባይኖኩላር ማየት በቅጽበት ዓይን ያሳውራል፤ ዓይን ውስጥ የሚቃጠለው ክፍል ሕመም ስለማይሰማው ልጁ ሳያውቀው ይጎዳል። ሂላል የሚፈለገው ፀሐይ በጠለቀችበት አቅጣጫ ነውና፣ ፀሐይ ሙሉ በሙሉ ሳትጠልቅ ቱቦውን ወደዚያ አታዙሩ። ከአንዳንድ ርካሽ ዕቃዎች ጋር የሚመጣው በዓይን ሌንስ ላይ የሚጠለቅ ጥቁር የፀሐይ መስተዋት በሙቀት ሊሰነጠቅ ስለሚችል ወዲያው ይጣል። ትክክለኛው ማጣሪያ በቱቦው የፊት አፍ ላይ የሚገጠመው ብቻ ነው።

ይህን አጥብቀን የምንናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። ሰኔ 14 ቀን 2012 (እ.ኤ.አ. ጁን 21 ቀን 2020) በላሊበላ የታየውን የቀለበት ግርዶሽ የሚያስታውሱ ብዙ ናቸው። ሐምሌ 26 ቀን 2019 (እ.ኤ.አ. ኦገስት 2 ቀን 2027) ደግሞ ሙሉ ግርዶሽ በመካና በጅዳ ላይ ያልፋል፤ በአገራችን በከፊል ይታያል። የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ልጅ ኢብራሂም በሞተ ቀን ፀሐይ ተጋረደች፤ ሰዎች በሞቱ ምክንያት ነው ሲሉ፣ እሳቸው ግን ፀሐይና ጨረቃ የአላህ ተአምራት እንጂ ለማንም ሞት ወይም ሕይወት እንደማይጋረዱ አስተምረው ሰገዱ። ልጅን ስለ ግርዶሽ ለማስተማር ከዚህ የተሻለ መነሻ የለም። መጀመሪያ ሶላቱ፣ ቀጥሎ በማጣሪያ መመልከቱ።

ሁለተኛው የዐይን አማና ነው። በሰገነት ላይ የቆመ ቴሌስኮፕ የጎረቤትን መስኮትና ግቢም ያሳያል። ሱረቱ አል-ሑጁራት (49፡12) የሰውን ነውር መሰለልን ከልክሏል። ስለዚህ ቱቦው ከጣሪያዎች በላይ እንጂ በታች እንዳይዞር ለልጆች ሕግ ይበጅላቸው። ይልቁንም ጎረቤትን ጥሩና አብራችሁ እዩ፤ ሐሜቱም ጥርጣሬውም በዚያው ይቆማል።

ከመግዛት በፊት

ለሚልከውም ለሚገዛውም እንዲመች ነገሩን እንዲህ እናሳጥረዋለን፦

1. ገንዘቡ ትንሽ ከሆነ 7×50 ወይም 10×50 ባይኖኩላር።
2. ከፍ ካለ በሳጥን ማቆሚያ ላይ የተቀመጠ ከ114 እስከ 150 ሚሊ ሜትር ባለ መስተዋት፤ ወይም በጠንካራ እግር ላይ ያለ ከ70 እስከ 90 ሚሊ ሜትር ባለ ሌንስ።
3. ሁለት የዓይን ሌንሶች ይበቃሉ፤ አንድ ባለ 25፣ አንድ ባለ 10 ሚሊ ሜትር። የዓይን ሌንሱ መግቢያ 1.25 ኢንች መሆኑን አረጋግጡ፤ ሌላ ሌንስ ለመጨመር የሚመቸው እሱ ነው።
4. ከሰገነት እስከ ደጅ ልጁ ራሱ ሊሸከመው ይችላል? የማይነሣ ትልቅ ቴሌስኮፕ ማንም አያወጣውም።
5. ከውጭ የሚላክ ከሆነ የጉምሩኩን ነገር አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ መስተዋቱም በደንብ ይታሸግ።
6. የአንድ ቤት አቅም ካልፈቀደ ለመድረሳ ወይም ለሰፈር ልጆች በጋራ ይገዛ። ለታይታ የተገዛ ውድ ዕቃ ኢስራፍ ነው፤ አርባ ልጆች የሚያዩበት ግን በኢንሻአላህ ሰደቃ ነው።

ከአልጋ ሥር የወጣው ቴሌስኮፕ

ወደ ወዳጃችን ቤት እንመለስ። ለጥያቄያቸው መልስ ይዘን በረመዷን የመጀመሪያው ሳምንት ተመልሰን ሄድን። ቴሌስኮፑ ከአልጋ ሥር ወጣ። መስተዋቱን አየነው፤ ደህና ነው። ቱቦው 90 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ ወጥመድ የለበትም። ባርሎውንና ባለ 4 ሚሊ ሜትሩን ሌንስ በላስቲክ ጠቅልለን አስቀመጥን። የሚንቀጠቀጠውን እግር ትተን፣ የሰፈሩ አናጢ ከኮምፔንሳቶ ቁራጭ ሳጥን እንዲሠራ ተደረገ።

ከዚያ የቀረው ትንሿ ማነጣጠሪያ ናት። በቱቦው ጎን ያለችውን ትንሽ መነጽር ማንም ከዋናው ቱቦ ጋር አላስማማትም ነበር፤ ስለዚህም ወዲያ ስታሳይ ቱቦው ወዲህ ያያል። ይህ በጨለማ አይሠራም። በቀን፣ ፀሐይን ከኋላችን አድርገን፣ ቱቦውን በሩቁ መስጊድ ሚናራ ጫፍ ላይ አነጣጠርነው። ልጁ ሲያይ «አባዬ! ሚናራው ተገለበጠ!» ብሎ ሳቀ። ከዚያ የማነጣጠሪያዋን ብሎኖች እያዞረ ያንኑ ጫፍ በመስቀለኛው መሐል አገባው። ሥራው ሩብ ሰዓት እንኳ አልፈጀም።

ከተራዊሕ በኋላ በ36 እጥፍ ብቻ ጨረቃን ፈለገ። በመጀመሪያው ሙከራ አገኛት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ቀጥሎ እናቱን ጠራ፤ እሷም ደርሳ አየች፤ ጨረቃም አላመለጠችም። «ሱብሓነላህ!» አለች፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም። ከዚያ ወደ ጁፒተር ዞረ፤ ከጎኑ የተሰለፉ አራት ነጥቦችን በደብተሩ ሣለ። በማግስቱ ሲያይ ነጥቦቹ ቦታ ተለዋውጠዋል። ጋሊሊዮ እ.ኤ.አ. በጥር 1610 ያየውን ያንኑ ነገር፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ በገዛ ሰገነቱ አየው።

«ሳይንስ ለኔ አልሆነም» ያለው ልጅ አሁን የሰፈሩን ልጆች በተራ አሰልፎ «አትንካ፣ በዓይንህ ብቻ እይ» እያለ ያስተምራል። ለአጎቱም በስልክ «አጎቴ፣ ዕቃህ ደህና ነው፤ እኛ ነበርን ያላወቅንበት» ብሎታል። አባትዬውም ልባቸው ዐርፏል።

እኛም ከዚህ የተረዳነው፣ ልጅ የሚያስፈልገው ትልቁ መሣሪያ ሳይሆን አብሮት ደጅ የሚወጣ ሰው መሆኑን ነው። እንግዲህ ወላጆች፣ ዛሬ ማታ ሰማዩ ከጠራ ከልጆቻችሁ ጋር ውጡ። ቴሌስኮፑ ቢኖርም ባይኖርም ሰማዩ አለ።

አላህ (ሱ.ወ.) በፍጥረቱ ከሚያስተነትኑት፣ ባወቁት ከሚጠቀሙትና ለሌላው ከሚያካፍሉት ያድርገን። አሚን።

ወቢላሂ ተውፊቅ።